ለሁለት ሰው አንድ ሞተር፦ ከጎንደር ተነስቶ የሊጉሪያን ባሕር ዳርቻ መንዳት

ባልና ሚስት ሆነው በደቡብ አውሮፓ የባሕር ዳርቻ በሞተር ለመጓዝ የሚያስቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ «የትኛው አገር ያምራል?» ብለው ይጀምራሉ። መጀመር ያለበት ግን ከኋላ ከሚቀመጠው ሰው ነው። በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይነዳል፣ ምን ዓይነት ሞተር ይከራያል፣ ስንት ኪሎ ሻንጣ ይጫናል፣ ጉዞው በየትኛው አቅጣጫ ይጀመራል፤ ይህን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው። መሪ የያዘ ሰው ኩርባውን አስቀድሞ ስለሚያይ ሰውነቱን ያዘጋጃል። ከኋላ ያለው ፍሬን መያዙን የሚያውቀው ሲያዝ ነው። ድካሙም ሕመሙም ፍርሃቱም ቀድሞ የሚመጣው እዚያ ነው። ከዚህ በታች ሚስት ከኋላ እንዳለች አድርጌ እጽፋለሁ፤ ቦታው ቢቀያየርም ምክሩ አይለወጥም።

መንገዱን የሚቆርጠው ቪዛው ነው

ካርታ ከመዘርጋታችሁ በፊት ይህን እወቁ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ የሸንገን (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ያስቀሩ የአውሮፓ አገሮች) ቪዛ ደንብ አጥብቋል። በተለመደው አሠራር 15 ቀን የነበረው የውሳኔ ጊዜ 45 ቀን ሆነ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቀረ። ስታመለክቱ ደንቡ መነሳት አለመነሳቱን አረጋግጡ፤ ካልተነሳ የሚሰጣችሁ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ነው። ከሸንገን ክልል አንድ እርምጃ ከወጣችሁ፣ ቀን ቢቀራችሁም ተመልሳችሁ አትገቡም።

ይህ ለሞተረኛ ከባድ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም በአድሪያቲክ ዳርቻ ድንበሮቹ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ክሮኤሺያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ናት። ከስፕሊት ወደ ዱብሮቭኒክ በዳርቻው የሚወርደው የድሮ መንገድ ግን ኔዉም ላይ የቦስኒያን መሬት ያቋርጣል። አንድ ጊዜ በሚያስገባ ቪዛ በዚያ ማለፍ ጉዞውን እዚያው መጨረስ ነው። በጁላይ 2022 የተከፈተው የፔልዬሻትስ ድልድይ ኔዉምን ስለሚዘልለው፣ ዱብሮቭኒክ የምትሄዱ ከሆነ መንገዳችሁ እሱ ብቻ ነው። ከዱብሮቭኒክ በታች ያሉት ሞንቴኔግሮና አልባኒያ ከሸንገን ውጪ ናቸው፤ አትሞክሩት። ግሪክን ማየት የሚፈልግ ከጣሊያን ከአንኮና፣ ከባሪ ወይም ከብሪንዲዚ በመርከብ ወደ ኢጉሜኒጻ ወይም ወደ ፓትራስ ይሻገር፤ ሁለቱም ወደቦች ሸንገን ውስጥ ስለሆኑ ቪዛው አይነካም።

ለመጀመሪያ ጉዞ እኔ የምመርጠው ከጄኖቫ እስከ ሳን ራፋኤል ያለውን የጣሊያንና የፈረንሳይ ዳርቻ ነው፤ የጣሊያኑ ክፍል ሊጉሪያ ይባላል። የድንበር ችግር የለበትም። መሃል ላይ ያለችው ሞናኮም የፈረንሳይን ድንበር ስለምትጋራና ፍተሻ ስለሌለባት አታስቸግርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሚላን ይበራል፤ ከሚላን ከተማ እስከ ጄኖቫም 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ኤምባሲ ነው፤ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቡበት። ቢበዛ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል። ለመስከረም መጨረሻ ጉዞ በሰኔ ማስገባት 45ቱን ቀን ያለ ጭንቀት ያሳልፋል። ከጎንደር ለአሻራ አዲስ አበባ መሄድ የግድ ስለሆነ፣ ሁለታችሁም ቀጠሮውን በአንድ ቀን ያዙ። ለቪዛው የሚጠየቀው የጉዞ መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ዓይን የማያርፍበት መስመር አለ፦ ብዙ የጉዞ መድኖች በሞተር ሳይክል የደረሰ ጉዳትን፣ በተለይ ከ125 ሲሲ በላይ ከሆነ፣ አይሸፍኑም። ቪዛውን ያሰጣችሁ ወረቀት ሆስፒታል ላይ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። «ሞተር ነጂንም ከኋላ የተቀመጠንም ይሸፍናል» የሚል ቃል በጽሑፍ ካልሰጧችሁ ሌላ መድን ፈልጉ።

መቼ?

ነሐሴን ተዉት። ኦገስት 15 የጣሊያኖች ትልቅ የዕረፍት በዓል ነው፤ በዚያ ሰሞን የባሕሩ መንገድ በመኪና ይሞላል። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋ ሆኖ እርጥበት ስላለው፣ ለጎንደር አየር ለለመደ ሰው ጃኬትና ሄልሜት ውስጥ በጣም ይከብዳል። ለሚጾም ሰው ደግሞ ፍልሰታም በዚያው ነው። ጥቅምት ከገባ በኋላ የሊጉሪያ ዝናብ ኃይለኛ ነው፤ ጄኖቫ በኖቬምበር 2011ም በኦክቶበር 2014ም ከባድ ጎርፍ ደርሶባታል። ስለዚህ ጥሩው ጊዜ ሁለት ነው፦ ግንቦት፣ ወይም መስከረም። መስከረም ላይ ባሕሩ የበጋውን ሙቀት እንደያዘ ነው፤ ሆቴሉም መንገዱም ቀለል ይላል።

ልምምዱ ጎንደር ላይ ያልቃል

እዚህ የምንነዳው ሞተር በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ሲሲ ነው፤ ክብደቱም ከ110 እስከ 150 ኪሎ ቢሆን ነው። እዚያ ለሁለት ሰው የሚሆነው ሞተር ባዶውን ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሁለት ሰውና ሻንጣ ሲጨመር ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል። ይህ ክብደት መንገድ ላይ እየሄደ አያስቸግርም። የሚጥለው ሲቆም፣ ሲዞርና ዳገት ላይ ሲነሳ ነው። ከዚህ ተለማምዶ መሄድ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ሚስት ከኋላ ተቀምጣ፣ በእግር የሚሄድ ሰው ፍጥነት ንዱ። ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዞ፣ የኋላ ፍሬኑን በቀስታ እየነኩ፣ የፊት ፍሬኑን ሳይነኩ። በዝግታ ሲኬድ የፊት ፍሬን መሪው ታጥፎ ሳለ ከተያዘ ሞተሩ ወዲያው ይወድቃል፤ በከባድ ሞተር በጣም የተለመደው አወዳደቅ ይህ ነው። ያለ እግር ድጋፍ የስምንት ቁጥር ቅርጽ መዞር እስክትችሉ ድገሙት።

ቀጥሎ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚያወጣው ዳገት አለ። መሃሉ ላይ ቁሙና ወደ ኋላ ሳይንሸራተት ተነሱ፤ የኋላ ፍሬን ይዞ ፍሪሲዮን እስኪነክስ ለቆ፣ ነዳጅ ጨምሮ፣ ፍሬኑን መጨረሻ መልቀቅ። ከዚያ የአዘዞ መንገድ ለከተማ ውስጥ ትራፊክና ለአደባባይ ይጠቅማል፤ በአውሮፓ በአብዛኛው አደባባይ ውስጥ ያለው ቅድሚያ እንዳለው አስታውሱ፤ እዚያ ደንቡ በጥብቅ ይከበራል። ጎርጎራ ደርሶ መልስ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ሙሉ ቀን አብሮ መቀመጥን ይፈትናል። በዚያ ጉዞ የሚስት ጀርባ፣ ጉልበትና መቀመጫ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚያም ልብ በሉ፤ የአውሮፓው የቀን ርዝመት የሚሰላው ከዚያ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት አድርጎ ደባርቅ፣ ከዚያ ሊማሊሞ አለ። የሊማሊሞን ጠምዛዛ ከነጓደኛው በእርጋታ የወረደ ሰው የሊጉሪያን ኩርባ አይፈራም።

አንድ ነገር ግን ጎንደር ላይ መለማመድ አይቻልም፤ እሱም የሞተሩ ጉልበት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። ወደ ባሕር ጠረፍ ሲወርድ ሙሉ ጉልበቱን ያገኛል። እዚህ ነዳጅ አብዝቶ የመስጠት ልማድ ከትልቁ ሞተር ጋር ሲደመር፣ እጅ ትንሽ ሲጠመዘዝ ሚስትን ወደ ኋላ ይወረውራል። የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን እጅን ቀስ አድርጎ ማላመድ ነው።

ከኋላ የምትቀመጥ

በአንድ ጎን መቀመጥ እዚያ አይሠራም፤ ግራና ቀኝ እግር በየመርገጫው መሆን አለበት። ቀሚስና ነጠላም ለመኝታ ቤት ሻንጣ ውስጥ ይግቡ። የተንጠለጠለ ጨርቅ ካቴና ወይም የኋላ ጎማ ውስጥ ከገባ ሰውን ጎትቶ ይጥላል፤ እኛ አገር የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም።

ሞተሩ ላይ አወጣጧ በሥርዓት ይሁን። ነጂው ሁለት እግሩን መሬት ተክሎ፣ የፊት ፍሬን ይዞ «ውጪ» ሳይል አትውጣ። ከግራ በኩል፣ የግራ መርገጫውን ረግጣ፣ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ ትውጣ። ሲወረድም ያው ነው፤ ሳይነገራት አትውረድ። ሞተሩ መብራት ላይ ሲቆም እግሯን ከመርገጫው አታንሳ፤ መሬት የምትነካ እግር ሚዛን ታፋልሳለች እንጂ አታግዝም።

ኩርባ ላይ የሚያስፈልጋት ዕውቀት አንድ ነው፦ ወደሚታጠፍበት አቅጣጫ በነጂው ትከሻ በላይ ማየት። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በቀኝ ትከሻው፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ በግራ። ዓይን ሲሄድ ሰውነት ከሞተሩ ጋር ያጋድላል። ፈርታ ወደ ተቃራኒ ብትጋደል ሞተሩ ኩርባውን ሰፍቶ ይወጣል፤ ወደ ቀኝ በሚታጠፍ ጠባብ መንገድ ላይ ይህ ማለት ከፊት በሚመጣ መኪና መስመር ውስጥ መግባት ነው።

ፍሬን ሲያዝ ሄልሜቶቹ የሚጋጩ ከሆነ ጥፋቱ የነጂው ነው። ፍሬን በአንድ ጊዜ ሳይሆን እንደ ሎሚ ቀስ ተብሎ ይጨመቃል፤ ማርሽ ሲቀየርም ነዳጁ ሙሉ በሙሉ አይዘጋ። በሁለት ሰው ጊዜ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያደላ የኋላው ፍሬን ከወትሮው የበለጠ ይሠራል፤ ተጠቀሙበት። የእጅ ምልክት ከመነሳት በፊት ተስማሙ፦ አንድ ጊዜ ትከሻ መንካት «ቀስ በል»፣ ሁለት ጊዜ «መቆም እፈልጋለሁ»፣ ደጋግሞ መምታት «አሁኑኑ ቁም»። ሄልሜት ውስጥ የሚገባ የመነጋገሪያ መሣሪያ ካላችሁ ደስ ይላል፤ ባትሪው ሲያልቅ ግን ምልክቱ ያስፈልጋል።

ሞተሩን መከራየት

ከ650 እስከ 850 ሲሲ፣ ቀጥ ብሎ የሚያስቀምጥ፣ ሰፊ የኋላ መቀመጫና መያዣ ያለው። የሆንዳ ኤንሲ750ኤክስ ወይም የሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 ዓይነት ይበቃል። ለእሽቅድምድም የተሠራ ሞተር የኋላ መቀመጫው ጠባብ፣ መርገጫውም ከፍ ያለ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጉልበት ይይዛል። ለትንሽ ስኩተር ዋጋው ቢያጓጓም፣ በጣሊያን ከ120 ሲሲ በታች የሆነ ሞተር የፈጣን መንገድ አይገባም (እስከ ዲሴምበር 2024 ወሰኑ 150 ሲሲ ነበር)፤ በዝናብ ቀን ወደ ጄኖቫ በፍጥነት መመለስ ብትፈልጉ አይቻልም።

መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ የሞተር ሳይክል ምድብ መኖር አለበት፤ የመኪናው አይበቃም። ጣሊያን ከፈቃዱ ጋር ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ወይም የተረጋገጠ የጣሊያንኛ ትርጉም ትጠይቃለች። አከራዮች ከዚህ በላይ ዕድሜና ፈቃዱ የቆየበትን ዓመት ይጠይቃሉ። ከሁሉም የሚያስቸግረን መያዣው ነው። ሞተሩን ሲሰጡ ከመቶዎች እስከ ጥቂት ሺህ ዩሮ ካርድ ላይ ይይዛሉ፤ ብዙዎቹ ደግሞ በነጂው ስም ያለ የብድር ካርድ እንጂ ቅድሚያ የተሞላ ካርድ አይቀበሉም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ካርዳችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ ጽፋችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። በዚያው ደብዳቤ ሁለት ነገር ጨምሩ፦ ወደ ፈረንሳይ መሻገር ይፈቀዳል? መድኑ ከኋላ የተቀመጠን ሰው ይሸፍናል?

ስትረከቡ አትቸኩሉ። ጎማው ላይ የቀረው ጥርስ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አትቀበሉ። የፍሬን ሸራውን ውፍረት በባትሪ መብራት እዩ። ካቴናውን ከታች መሃሉ ላይ በጣት ወደ ላይ ግፉ፤ ብዙ ሞተሮች ላይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር መላላት አለበት፤ ትክክለኛው ልክ ካቴናው አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። በጣም የተወጠረ ካቴና ሁለት ሰው ሲቀመጥ ይባስ ይወጠርና ኩሽኔታ ይበላል። ጭረቱን ሁሉ ፎቶ አንሱ፤ የኪሎ ሜትሩን ቁጥርም።

ከዚያ ሞተሩን ለሁለት ሰው አስተካክሉት። ይህን ሳያደርጉ መነሳት ለብዙ ችግር መነሻ ነው። የኋላው ሞላ ለአንድ ሰው እንደላላ ከቀረ የሞተሩ ጀርባ ይዘቅጣል፤ የፊት ጎማ ክብደት ያንሰውና መሪው ይቀልላል፤ ኩርባ ላይ ወደ ውጪ ይሰፋል፤ የማታ መብራቱም ወደ ሰማይ ስለሚያበራ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል። ሞላውን የሚያጠብቀውን መዞሪያ አከራዩ ያሳያችሁ። ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ ሞተሩ የሚወርደው ከጠቅላላው የሞላ ርቀት ሲሶ ያህል ቢሆን ደህና ነው። የጎማ ነፋስ ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ይለካል። እዚያ መለኪያው በባር ነው፤ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። ብዙ የአስፋልት ሞተሮች ለሁለት ሰው ከፊት 2.5፣ ከኋላ 2.9 ባር ይጠይቃሉ፤ በእኛ ጎሚስታ ቋንቋ 36 እና 42 ማለት ነው። የሞተራችሁን መመሪያ አይታችሁ አረጋግጡ።

ጭነት ላይ ሒሳቡ ጠባብ ነው። ብዙ መካከለኛ ሞተሮች የሚሸከሙት ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከ180 እስከ 200 ኪሎ አካባቢ ነው። እሱ 75፣ እሷ 60፣ የሁለቱ ሄልሜት፣ ጃኬትና ጫማ 15፣ ባዶ ሳጥኖቹ 15 ቢሆኑ፣ ለልብስ የሚቀረው ከ15 እስከ 35 ኪሎ ነው። ለየራሳችሁ አንድ የጎን ሳጥን ያዙ፤ ክብደታቸው እኩል ይሁን። ከላይ ያለው ሳጥን ውስጥ የዝናብ ልብስና ቀላል ነገር ብቻ ይግባ። እሱ ከኋላው ጎማ ጀርባ ስለተንጠለጠለ እያንዳንዱ ኪሎ የፊቱን ጎማ ያነሳዋል።

የሚለበሰውን በተመለከተ ፈረንሳይ ከኖቬምበር 2016 ጀምሮ የተረጋገጠ ጓንት ለነጂም ለተቀማጭም ግዴታ አድርጋለች፤ ቅጣቱ 68 ዩሮ ነው። መንገድ ዳር ስትቆሙ የምትለብሱት አንጸባራቂ ሰደርያም መያዝ አለበት። ሄልሜቱ የአውሮፓ ማረጋገጫ ምልክት የታተመበት ይሁን።

መንገዱ

ከጄኖቫ እስከ ፈረንሳይ ድንበር ቬንቲሚሊያ፣ ዳርቻውን ይዞ በሚሄደው በአውሬሊያ መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጎንደርና በባሕር ዳር መካከል ባለው 180 ኪሎ ሜትር ለክታችሁ «ሦስት ሰዓት» ብትሉ ትሳሳታላችሁ። መንገዱ በየከተማው መሃል ያልፋል፤ በከተማ ውስጥ ወሰኑ በሰዓት 50 ነው፤ የእግረኛ ማቋረጫ፣ መብራትና አደባባይ አያልቅም። በአማካይ በሰዓት ከ30 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ብትጓዙ ነው። ለሁለት ሰው በቀን ከ100 እስከ 130 ይበቃል፤ በየ50 ደቂቃው ወርዶ እግር ማፍታታት ያስፈልጋል። ከጄኖቫ ፊናሌ ሊጉሬ፣ ከፊናሌ ሳንሬሞ፣ ከሳንሬሞ ኒስ ብትከፍሉት ለመዋኘትም ጊዜ ይተርፋል።

ከሳቮና በኋላ ኖሊና ቫሪጎቲ መካከል መንገዱ ገደሉን ተጠግቶ ባሕሩ ላይ ይንጠለጠላል። ከአላሲዮ በኋላ ካፖ ሜሌ፣ ካፖ ቼርቮና ካፖ ቤርታ የሚባሉ ሦስት ኮረብታማ ጉብታዎች ይከታተላሉ፤ ከሚላን ሳንሬሞ የሚደረገው የብስክሌት ውድድር የሚያልፍባቸው ናቸው። ዳገታቸው ረጅም አይደለም፤ ኩርባው ግን ተደጋጋሚ ስለሆነ ከኋላ ላለ ሰው ሆድ ያናውጣል። ከዚያ በፊት ከባድ ምሳ አትብሉ።

አቅጣጫው ልብ ይባል። እዚያም እንደ እኛ በቀኝ ነው የሚነዳው። ከጄኖቫ ወደ ፈረንሳይ ስትሄዱ ባሕሩ በግራ ስለሆነ እናንተ በተራራው በኩል ናችሁ፤ ስትመለሱ በባሕሩ ጠርዝ በኩል ትሆናላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ለተቀመጠች ሰው በተራራው በኩል መጀመሩ ያረጋጋታል፤ ስትመለስ ለምዳ ባሕሩን ያለ ፍርሃት ታያለች። ለፎቶ የሚቆምባቸው የባሕር በኩል ቦታዎችም መንገድ ሳያቋርጡ የሚገኙት በመልሱ ነው። ፀሐይም አለች፦ ስትሄዱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ንዱ፤ ከሰዓት በኋላ ዓይን ትወጋለች። በመልሱ ጠዋቱን ዋኝታችሁ ከሰዓት ተነሱ።

ከማንቶን እስከ ኒስ ሦስት መንገዶች በተራራው ላይ ተደራርበው ይሄዳሉ፦ የታችኛው፣ የመካከለኛውና የላይኛው ኮርኒሽ (በገደል ጎን የተጠረገ መንገድ)። የታችኛው በሞናኮ ስለሚያልፍ ተጨናንቆ ይውላል። መካከለኛው ኤዝ የምትባለውን የገደል ላይ መንደር ይነካል። የላይኛው በናፖሊዮን ዘመን የተሠራ ሲሆን ከ500 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ላ ቱርቢ ላይ የሮማውያን የድል ሐውልት ፍርስራሽ አለ። ለሁለት ሰው ሞተር የላይኛውን እመርጣለሁ፤ መኪናው ያንሳል፣ ኩርባውም ሰፋ ያለ ነው። በፈረንሳይ ከከተማ ውጪ በአብዛኛው መንገድ ወሰኑ 80 ነው፤ በጣሊያን 90። ከካን ቀጥሎ ከቴዉል እስከ ሳን ራፋኤል ያለው የኤስቴሬል ኮርኒሽ በ1903 የተከፈተ፣ በቀይ አለትና በሰማያዊ ባሕር መካከል የሚሽከረከር መንገድ ነው። በዚህ ጉዞ ውስጥ አንድ መንገድ ብቻ ምረጥ ቢሉኝ እሱን ነው የምመርጠው። በማለዳ፣ የብስክሌተኛው ብዛት ከመጀመሩ በፊት ግቡበት። ከዚያ አልፎ ወደ ማርሴይ በኩል ሚስትራል የሚባለው ነፋስ ይበረታል፤ ከፍ ያለ ሳጥን የጫነ ሞተርን ይገፋል። እዚያ ላይ መመለሱ ጥሩ ነው።

ጠምዛዛ ላይ በጣም የሚያስቸግረው ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ዳገት ነው። ጠባብ ነው፤ ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል፤ ከጠፋ ደግሞ ሁለት ሰው ጭኖ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ከመግባታችሁ በፊት አንደኛ ማርሽ አስገቡ፤ ሰፋ አድርጋችሁ ግቡ፤ መውጫውን እንጂ መሬቱን አትዩ፤ ነዳጁን ሳትዘጉ በፍሪሲዮንና በኋላ ፍሬን ተቆጣጠሩ።

የሚያንሸራትቱትን ነገሮች እወቋቸው። ከበጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመውን ዘይትና አቧራ ስለሚያነሳ አደገኛ ነው። የእግረኛ ማቋረጫ ቀለም፣ የጉድጓድ ብረት ክዳን፣ በመንደር ውስጥ የተነጠፈ ለስላሳ ድንጋይ፣ ኩርባ ላይ የወደቀ የጥድ ቅጠልም እንዲሁ። ከዋሻ ስትወጡ የጎን ነፋስ ይጠብቃችኋል፤ በተለይ በፈጣኑ መንገድ ከዋሻ ወጥቶ ወዲያው ረጅም ድልድይ ስለሚመጣ፣ መሪውን ሳታፍኑ በሁለቱ ጉልበቶቻችሁ ታንከሩን ያዙ።

ነዳጅ፣ ካርድ፣ ምግብ

በጣሊያን «ጋዞሊዮ»፣ በፈረንሳይ «ጋዞል» የሚለው ናፍጣ ነው፤ ቤንዚን መስሏችሁ እንዳትሞሉ። ምልክቱን እዩ፦ ክብ ውስጥ ኢ5 ወይም ኢ10 ያለው ቤንዚን ነው፤ አራት ማዕዘን ውስጥ ቢ7 ያለው ናፍጣ። ሠራተኛ የሌለበት ፓምፕ ከመቅዳታችሁ በፊት ካርዱ ላይ 100 ዩሮና ከዚያ በላይ ሊይዝ ይችላል፤ የያዘውንም ለመልቀቅ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ቅድሚያ በተሞላ ካርድ የሚንቀሳቀስ ሰው በዚህ መንገድ ገንዘቡ ይታሰርበታል። ስለዚህ ሠራተኛ ባለበት ሰዓት በጥሬ ገንዘብ ክፈሉ። በጣሊያን ምሳ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ተኩል እስከ 9 ሰዓት፣ ብዙ ሱቅና ማደያ ይዘጋል። በፈጣን መንገድ ክፍያ ላይ ትኬቱንና ገንዘቡን ከኋላ ያለችው ትያዝ፤ ጓንት አውልቆ ኪስ መፈለግ የነጂው ሥራ መሆን የለበትም።

ለሚጾም ሰው ሊጉሪያ ትመቻለች። ፋሪናታ የሚባለው ቂጣ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከውሃ፣ ከወይራ ዘይትና ከጨው ብቻ ይጋገራል፤ ኒስ ላይ ሶካ ይሉታል። ከሽሮ ጋር ዘመድ ስለሆነ ሆድ አይጣላውም።

ሲበላሽ

ጎማ ቢተነፍስ እነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ ከመነዳሪ የላቸውም። ሚስማሩን ወዲያው አትንቀሉ፤ ከነቀላችሁ ያለው ነፋስ ሁሉ ይወጣል። ደህና ቦታ ቆማችሁ፣ ጥገናውን አዘጋጅታችሁ ከዚያ ንቀሉ። ቀዳዳውን በሞረዱ ጥረጉ፣ ማጣበቂያ የተቀባውን ገመድ በመርፌው አስገቡ፣ ትርፉን ቁረጡ፣ ነፋስ ሙሉ፣ ምራቅ ቀብታችሁ አረፋ መውጣት አለመውጣቱን እዩ። ጎማው ጎን ላይ የተቀደደ ከሆነ አይጠገንም። የተጠገነውም ቢሆን በቀስታ እስከሚቀጥለው ጎሚስታ ለመድረስ ነው፤ ሁለት ሰው ጭኖ ለቀናት የሚነዳ አይደለም። የባሕር ጨው ካቴናን ስለሚያዝግ በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ ማታ ሞተሩ ሙቅ ሳለ፣ ቅባት ቀቡት።

አደጋ ከደረሰ የአስቸኳይ ቁጥሩ በሁለቱም አገር 112 ነው። ከሌላ መኪና ጋር ከተጋጫችሁ በሁለት ቅጂ የሚሞላ የአውሮፓ የአደጋ ቅጽ አለ፤ ከሞተሩ ሰነድ ጋር መኖሩን ስትረከቡ አረጋግጡ። ያልገባችሁን ወይም ያላመናችሁበትን ቅጽ አትፈርሙ፤ ፖሊስ እስኪመጣ ጠብቁ፣ ፎቶ አንሱ።

በጣሊያን ከተሞች መሃል ተሽከርካሪ በካሜራ የሚከለከልባቸው ክልሎች አሉ። ሞተርን የሚፈቅዱም የማይፈቅዱም ስላሉ ሆቴላችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቅጣቱ የሚመጣው ከወራት በኋላ በአከራዩ በኩል ነው፤ አከራዩም ስማችሁን ለፖሊስ ላስተላለፈበት የራሱን ክፍያ ከካርዱ ይቆርጣል። ሞተሩን ስትመልሱ ታንከሩን ሙሉ፣ እንደ መጀመሪያው ጭረቱንና ኪሎ ሜትሩን ፎቶ አንሱ፣ የመረከቢያ ወረቀቱ ላይ ሰዓቱን አስጽፉ። ወረቀቱንና የሆቴል ደረሰኞቹን ጎንደር ከገባችሁ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ዓመት አቆዩ፤ ያልነበራችሁበት ከተማ ቅጣት ቢመጣ የምትከራከሩት በእነሱ ነው።